ሲካፈሉት የማያንስ

በቤታችን ፓስወርዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዲላ ባለው ግቢያችን አንድ ራውተር፣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ ዴስክቶፕ፣ የባለቤቴና የልጆቼ ላፕቶፖች፣ የሁላችንም ስልኮች በአንድ ዋይፋይ ተሳስረዋል። የሠርጋችን ቪዲዮ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ደብተራችን ቅጂ፣ የሟች አባቴ ድምፅ፣ ሁሉም ያለው ዴስክቶፑ ላይ ነው። ማን የቱን ፎልደር እንደሚከፍት፣ ማን እያየ ብቻ እንደሚያልፍ፣ ማን መጨመርና መሰረዝ እንደሚችል የምወስነው እኔ ነኝ። ይህን ሥልጣን ተሰብስቦ የሰጠኝ የለም። ኮምፒውተሩን ገዝቼ ያስተካከልኩት እኔ ስለነበርኩ በእጄ ገባ፤ በእጄም ቀረ።

የምናዘዘው ስለዚህ ሥልጣን ነው። የማንንም ገንዘብ አልነካሁም፤ የማንንም ምስጢር አደባባይ አላወጣሁም። ነገር ግን ሰው ራሱን ሲመረምር የሠራውን ብቻ ሳይሆን የወደደውንም መመርመር አለበት ብዬ አምናለሁ። እኔ የወደድኩት መፈለግን ነው። «አባዬ፣ ክፈትልኝ» መባልን ወደድኩ። ይህ ፍቅር ለቤተሰቤ ካለኝ ፍቅር ጋር ተቀላቅሎ ስለኖረ ለረጅም ጊዜ አንዱን ከሌላው አልለየሁትም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ራውተሩ በቤት ላለ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ያድላል። የእኛ ዴስክቶፕ አድራሻ በ192.168 ይጀምራል፤ ይኸው ቁጥር የጎረቤታችንም ቤት ሊኖር ይችላል፤ ከግቢ ውጭ ስለማይሠራ አይጋጭም። አንድን ፎልደር ሼር ሲያደርጉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርኩ በኩል ያገኙታል። ዊንዶውስ ላይ ታዲያ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። አንደኛው የሼሩ ፈቃድ ነው፤ ማንበብ፣ መለወጥ ወይም ሙሉ ሥልጣን ይላል። ሁለተኛው ዲስኩ ላይ ከፋይሉ ጋር የተመዘገበው ፈቃድ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው። በአንዱ ለሁሉም ሙሉ ሥልጣን ሰጥተው በሌላው ከከለከሉ፣ የሚሠራው ክልከላው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ዲስክ ላይ ያለን ፋይል ከት አድርገው ወደ ሼር ፎልደር ቢወስዱት የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል። ኮፒ ቢያደርጉት ግን የገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። በዚህ የተነሣ ባለቤቴ ከት ተደርጎ የገባውን የልጃችንን የክርስትና ፎቶ ስሙን በዝርዝሩ ላይ እያየች፣ ልትከፍተው ስትል ፈቃድ የለሽም የሚል መልእክት ይመጣባታል። «ና እስቲ፣ ደግሞ እንቢ አለኝ» ትላለች። እነሣለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ እመለሳለሁ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ለማስረዳት ከደቂቃ በላይ አይፈጅም። ግን አላስረዳሁም። አስተካክዬላት ስመለስ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብታውቀው ኖሮ ያ ምስጋና አይኖርም ነበር።

ይህ ጠባይ ከየት መጣብኝ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ወደ ትውልድ መንደሬ እመለሳለሁ። ያደግሁት በጌዴኦ ዞን፣ ወናጎ አካባቢ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር፤ የዞኑ ስፋት ደግሞ ወደ 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ገደማ ማለት ነው፤ ለገጠር አገር ይህ እጅግ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተሸክሞ የኖረው ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት ማሳችን ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ዓለም ያደነቀው ይህ ማሳ ለእኛ ለልጆቹ ግን ሌላም ፊት ነበረው። ወንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባት ከማሳው ቆርሶ ይሰጠዋል። አያቴ ለአባቴና ለወንድሞቹ ቆረሰ፤ አባቴም ለእኛ ቆረሰ። በተቆረሰ ቁጥር የቀረው ያንሳል። እኔ መምህር ሆኜ ወደ ዲላ ስገባ ድርሻዬን ለታናሽ ወንድሜ የተውኩት ደግ ስለሆንኩ ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ቢከፈል ለማናችንም ስለማይበቃ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ መካፈል ማለት መጉደል እንደሆነ በአንጀቱ ያውቀዋል። የሰጠ ሰው የተከበረ ነው፤ ሰጥቶ የጨረሰ አባት ግን በልጆቹ ደጅ እንደሚቀመጥም አይቻለሁ። ያን ፍርሃት ይዤ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ፋይል ግን ማሳ አይደለም። የአባቴን ድምፅ ለልጆቼ ሁሉ፣ ለወንድሞቼም፣ ለእህቴም ብሰጥ ሁሉም ሙሉውን ያገኛል፤ የእኔም ሙሉው ይቀራል። ይህን እያወቅሁ ፋይሉን እንደ ማሳ እየቆረስኩ ሰጠሁ። ለአንዱ ማየት፣ ለሌላው መጨመር፣ ለራሴ ሁሉንም።

ለዚህ ጠባዬ ያቀረብኳቸው ምክንያቶች ነበሩኝ። ሐሰት አልነበሩም፤ ለዚህም ነው ያታለሉኝ። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው በኔትወርክ የሰረዙት ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ እዚያው ይጠፋል። ትንሹ ልጄ በአንድ ጣት ንክኪ የሠርጋችንን ቪዲዮ ሊያጠፋው ይችላል። ቫይረሱም አለ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተውን፣ ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ዲላ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የማያውቀው የለም። በዓለም ደረጃ ደግሞ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የኮምፒውተሮችን የፋይል መጋሪያ መስመር ተከትሎ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ገባ፤ የሰውን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከዚያ ሁለት ወር አስቀድሞ በማሻሻያ ደፍኖት ነበር፤ የተጎዳው ማሻሻያውን ያልጫነ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁሉም «ማንበብ ብቻ» አልኩ። ልክ ነበርኩ። ግን ልክ የነበርኩበትን ያህል ደግሞ ተመችቶኛል። ፍርሃቴ እውነት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ሥራዬ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ያን ለዓመታት አላደረግሁም፤ ክልከላውን ግን በዚያው ዕለት አደረግሁት። ሰው የሚፈራውን ማወቅ ከፈለገ አስቀድሞ የዘጋው የቱን እንደሆነ ይመልከት።

ሁለተኛው ምክንያቴ ሥርዓት ነው። ፍላሽ ጌታ የለውም፤ በኤፍኤቲ 32 የተዘጋጀ ፍላሽ የማን ፈቃድ እንዳለበት አይመዘግብም፤ የያዘው ሁሉ ጌታው ነው። ኔትወርኩ ግን ሁሉንም በየስሙ ያውቃል። በስም መለየቱ መልካም ነው። ግን ሥርዓት አቆምኩ ብዬ ስናገር የሥርዓቱ ቁንጮ እኔው መሆኔን አላነሣም ነበር። በጌዴኦ የባሌ ሥርዓት ሥልጣን ዕድሜ አለው፤ የተረከበ ሰው ዘመኑ ሲደርስ ያስረክባል። ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ በመሰብሰቢያቸው፣ ሲቀመጡ ጉዳይ ሰው በተሰበሰበበት ይታያል። እኔ ይህን ባህል ለተማሪዎቼ በኩራት አስተምራለሁ። በቤቴ ግን ማስረከቢያ የሌለው፣ ማንም ያልመከረበት ሥልጣን ይዤ ኖርኩ።

በ2010 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ወደ ዲላም ሰው መጣ። ልጁን አዝሎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ ከዚያ በላይ ምንም ሳይዝ። ከዘመዶቼ አንዷ የይዞታ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ነበር የደረሰችው፤ ለብሳው አድራ፣ ለብሳው ተጉዛ። ደብተሩን አልጋ ላይ ዘርግተን ስናደርቀው ማኅተሙ ደብዝዞ ነበር። በዚያው ሰሞን የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ ስካን አደረግሁ፦ የእሷን ደብተር፣ የእኛን፣ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ። ቅን ሥራ ነበር። ግን የት አስቀመጥኩት? በአንድ ዴስክቶፕ፣ በአንድ ዲስክ፣ በአንድ ሰው ፓስወርድ ሥር። ሰነዱን ከእሳትና ከዝናብ አዳንኩ ብዬ ከራሴ ዕድሜ ጋር አሰርኩት። እኔ አንድ ነገር ብሆን ያቺ ሴት የገዛ ደብተሯን ቅጂ ለማግኘት ማንን ትጠይቃለች? ይህን ጥያቄ ያኔ አልጠየቅሁም።

ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግተው ስለነበር ልጆቹ ቤት ናቸው። ቴሌግራም የለ፣ ዩቲዩብ የለ። የቤት ውስጥ ኔትወርክ ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ራውተሩ መብራት ካገኘ ይበቃዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ ፊልም፣ መዝሙር፣ ሁሉም ከእኔ ዴስክቶፕ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ላፕቶፕ ይዘው እየመጡ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ይወስዱ ነበር። አገር በሐዘንና በስጋት ተጨንቆ በነበረበት በዚያ ሰሞን እኔ ቤቴ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። የጠቀምኩበት ደስታ ብቻ ቢሆን አልናዘዘውም። ከእኔ በቀር ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው የተሰማኝ ደስታ ነው ሌላው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልጆቹ እልል ሲሉ ልቤ ቅር እንዳለው አስታውሳለሁ። ከሁሉ በላይ የምናዘዘው ይህን ነው።

ማታ ስተኛ ዴስክቶፑን አጠፋለሁ። እሱ ሲጠፋ ሼር ያደረግሁት ሁሉ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ይሰወራል። መብራት እቆጥባለሁ እል ነበር። እውነት ነው፤ መብራት ይቆጥባል። ግን አጋራሁ የምለው ነገር እኔ ስነቃ የሚነቃ፣ እኔ ስተኛ የሚተኛ ከሆነ ምኑን አጋራሁት?

ለሴት ልጄ የፈተና ሰሞን ነበር፤ ዴስክቶፑን እንዳላጠፋ ጠየቀችኝ። አመሻሽቼ ተቀምጬ ሳለሁ ዊንዶውስ ውስጥ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳየውን መስኮት ከፈትኩ። በኔትወርክ በኩል ማን የቱን ፋይል እንደከፈተ በስሙ ያሳያል። የልጄ ስም አለ። ከጎኑ የተጻፈው የፊዚክስ መጽሐፍ አልነበረም፤ የአባቴ ድምፅ ነው። ከማለፉ በፊት በነበረው ክረምት የቀዳሁት፣ የትኛውን ዋንዛ ማን እንደተከለው፣ የቱ እንሰት ለቡላ እንደሚሻል፣ በ1952 የጌዴኦ ገበሬ ባላባት ላይ ሲነሣ ሚችሌ ላይ የሆነውን በቋንቋችን በጌዴኡፋ የሚተርክበት ነው። ልጄ ጌዴኡፋ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ታፍራለች። መስኮቱን አደስኩት፤ አሁንም ተከፍቷል። ክፍሏ ከግድግዳው ማዶ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ስለምትሰማ ድምፅ አይወጣም። ሄጄ ማንኳኳት ፈለግሁ፤ «አያትሽን እየሰማሽ ነው?» ልላት። ወዲያው ሐሳቤን መረመርኩት። ልላት የፈለግሁት ለምንድን ነው? አብሬያት ልሰማ? አይደለም። ማወቄን እንድታውቅ ነው። የቀዳሁት እኔ መሆኔን፣ የከፈትኩላት እኔ መሆኔን እንድታስታውስ ነው። በአባቴና በልጄ መካከል እንኳ መቆም ፈለግሁ። አላንኳኳሁም። የሷን ግላዊነት ጠበቅሁ ለማለት ግን አልደፍርም፤ ፋይሉን እስክትዘጋው ድረስ መስኮቱን እያደስኩ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሰው አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ፣ ካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ የተለያዩ ኮምፒውተሮች ፋይል እንዲጋሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈ። ኮምፒውተሮቹ በገመድ የሚለዋወጡትን መልእክት እየተመለከተ ቋንቋቸውን ደረሰበት። ፕሮግራሙ በኋላ ሳምባ ተባለ። የሠራበትን ኮድ ለሁሉም በነፃ ሰጠው፤ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ እንዲጨምርበት። ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው ባለ ፋይል ማከማቻ ውስጥ ይሠራል፤ የሚጠቀምበት ሰው አብዛኛው ስሙን አያውቅም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ያመጣውና እ.ኤ.አ. በ2018 ያነሣው ሆምግሩፕ የአንድ ድርጅት ነበርና ድርጅቱ ሲፈልግ ቀረ። ሳምባ ግን የብዙ ሰው እጅ ስላለበት ቀጥሏል። ሰጥቶ መቀነስ የለም የሚለውን በቃል ሳይሆን በሥራ ያሳየ ሰው ነው። እኔ ግን ከአንድ ግቢ ለማይበልጥ ስጦታ ምስጋና ስቆጥር ኖርኩ።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈት እያልኩ አይደለም። ባለቤቴ የሕክምና ወረቀቷን፣ ልጄ የምትጽፈውን ለራሳቸው ማቆየት መብታቸው ነው። እዚህ ላይ ነው የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ክፋቱ፦ የቤቱን ሰው ፋይል የዘጋሁ እኔ፣ የሁሉንም መክፈት የምችለውም እኔ ነኝ። ሌላው ለእኔ ክፍት ሆኖ እኔ ለሌላው ዝግ ስሆን ያ መጋራት አይደለም። ስለዚህ ልጄን ፋይሎቿን እኔ በማላውቀው፣ አድሚኒስትሬተርነቴም በማይፈታው ፓስወርድ መቆለፍ አስተማርኳት። የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር ያለ ምክንያት ላለመክፈትም ወስኛለሁ። በኃጢአት ስም የምጠራው ድርጊት አልነበረም፤ ግን ልቤን ያበላሸው ነበር።

ሌላም አድርጌያለሁ። የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ በወረቀት ጽፌ ከይዞታ ደብተሩ ጋር በአንድ ፖስታ አስቀመጥኩ፤ ባለቤቴና ትልቁ ልጄ ቦታውን ያውቃሉ። ልጄን ሁለተኛ አድሚኒስትሬተር አደረግሁት፤ በሥራዬ ላይ ሥራ ሲጨምር እጄን ሰብስቤ መቀመጥ እየተማርኩ ነው። የሁሉም ነገር ቅጂ በትርፍ ሃርድ ዲስክ ተጭኖ ይርጋጨፌ እህቴ ቤት አለ። የዘመዴን ደብተር ቅጂ ለራሷ፣ በልጇ ስልክም በፍላሽም ሰጠኋት። የአባቴን ድምፅ ለወንድሞቼ ሁሉ ላክሁ። ባለቤቴንም ኮፒና ከት በምን እንደሚለያዩ ጎን ለጎን ተቀምጠን አሳየኋት። ወዲያው ገባት። «ይሄ ነው እንዴ ሁልጊዜ ስታስተካክልልኝ የኖርከው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ይህን ሁሉ አድርጌም ልቤ ገና አልተፈወሰም። ቀኑን ሙሉ «አባዬ፣ ክፈትልኝ» የሚል ሳይመጣ ሲመሽ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል። አገልግሎቴ የተፈተነው ያኔ እንደሆነ ግን አሁን አውቃለሁ፤ ሰው የሰጠው ነገር እሱ በሌለበት ሲሠራ ያን ጊዜ ነው በእርግጥ የሰጠው። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ፓስወርዱን የያዘ አንድ ሰው አለ። ያን ሰው የምለምነው ጠንቃቃ መሆኑን እንዲተው አይደለም። ነገ ጠዋት እሱ ባይነሣ ቤተሰቡ የቱን ማግኘት እንደማይችል ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ይጻፈው፤ ከዚያም ከዝርዝሩ ውስጥ ለጥንቃቄ የዘጋውን ለመፈለግ ከዘጋው ይለየው። እኔ ስለየው የሁለተኛው ዝርዝር በዝቶ አገኘሁት።